ደኑን የሚያስጎበኘን ማን ነው? ከታምቦፓታ ወንዝ እስከ ኩስኮ ደጋ

ገና ጎህ አልቀደደም። ታምቦፓታ ወንዝ ላይ ጉም ተኝቷል። ረጅሟ የእንጨት ጀልባ ሞተሯን አጥፍታ አሸዋማው ዳርቻ ላይ ስታርፍ አስጎብኚያችን ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም እንድንል ጠቆመን። ከወንዙ ማዶ ቀላ ያለ የሸክላ ገደል ቆሟል። ቀድመው የመጡት ትንንሾቹ አረንጓዴ በቀቀኖች ናቸው፤ በመንጋ ሆነው አካባቢውን በጩኸት ሞሉት። ትልልቆቹ በቀቀኖች፣ ማካዎቹ፣ ዘግየት ብለው ጥንድ ጥንድ እየሆኑ መጡ። ማካው ከአንድ ጓደኛ ጋር ለረጅም ዘመን ስለሚኖር በመንጋ መሐል እንኳ ሲበር ጥንዱ ተለይቶ ይታያል።

ገደሉ ላይ ግን ወዲያው አያርፉም። ከበላዩ ያሉት ዛፎች ጫፍ ላይ ተሰብስበው ይቆያሉ፤ ጭልፊት ወይም ንስር በአካባቢው አለመኖሩን ያጣራሉ። አንዱ ደፍሮ ሲወርድ ሌላው ይከተለዋል፣ ከዚያ ገደሉ በቀይ፣ በሰማያዊና በቢጫ ይሸፈናል። በቴሌስኮፑ አንዱን ለይቼ አየሁት። በአንድ እግሩ የገደሉን ጠርዝ ቆንጥጦ በሌላው ጓል አፈር ይዟል። ጓሉን ወደ አፉ ያስጠጋና በመንቆሩ ጫፍ ይፍቀዋል፣ በወፍራም ምላሱ እያገላበጠ ያደቀዋል። ጎረቤቱ አንገቱን አስግጎ ያንኑ ጓል ሊነጥቀው ይሞክራል። ሙሉ ገደል አፈር ከፊቱ ተዘርግቶ ሳለ የሚፈልገው የሌላውን ጓል ነው።

በቀቀን ለምን አፈር ይበላል? ከብት ያረባ የሀገራችን ሰው ነገሩ ብዙም አይደንቀው ይሆናል፤ ከብቶቹን ቦሌ እየነዳ አፈር ሲያስልስ ኖሯልና። የምዕራብ አማዞን አፈርና ተክል ሶዲየም እጅግ ያንሰዋል። ከአትላንቲክ የሚነሣው ዝናብ አህጉሩን አቋርጦ እዚህ እስኪደርስ ይዞት የተነሣውን ጨው መንገድ ላይ ጨርሶታል፤ ከፓስፊክ በኩል ደግሞ የአንዲስ ተራሮች ግንብ ሆነው ይጋርዳሉ። ቀድሞ ብዙ ተመራማሪዎች አፈሩ ያልበሰለ ፍሬ ውስጥ ያለውን መርዝ ይይዛል ብለው ያስረዱ ነበር። እዚሁ ታምቦፓታ ላይ ለዓመታት ጥናት ያካሄዱት ዶናልድ ብራይትስሚዝና ባልደረቦቻቸው ግን ወፎቹ የሚመርጡት የገደሉ ንብርብር ከጎኑ ካለው፣ ከማይነኩት አፈር ይልቅ ሶዲየም የበዛበት መሆኑን አሳዩ። አፈር መብላቱ የሚጠነክረውም በመራቢያ ወቅት ነው፤ ወላጆች አፈሩን ለጫጩቶቻቸው ይዘው ይሄዳሉ።

ይህ ሁሉ እውቀት የተገኘው እንግዳ ከሚያስተናግድ ሎጅ ጋር አብሮ በኖረ ምርምር ነው። በታምቦፓታ ላይኛው ወንዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የተጀመረው የማካው ጥናት ጣቢያ ጎብኚዎችን ተቀብሎ በሚያገኘው ገቢ ምርምሩን ሲያግዝ ቆይቷል። ተመራማሪዎቹ ሰው ሠራሽ ጎጆ ሠርተው ዛፍ ላይ ሰቅለዋል፤ ምክንያቱም ማካው የሚፈለፍለው አሮጌ ዛፍ ውስጥ በተፈጠረ ጉድጓድ ነው። ከሁሉ የሚመርጠው ሺዋዋኮ የሚባለው በመቶዎች የሚቆጠር ዓመት የሚኖር ጠንካራ ዛፍ ሲሆን፣ ያው ዛፍ ለወለል ጣውላ በውጭ ገበያ ተፈላጊ ነው። አንድ ሺዋዋኮ ሲቆረጥ ብዙ ትውልድ ማካው ያደገበት ቤት አብሮ ይወድቃል።

ታምቦፓታ የሚገኘው በደቡብ ምሥራቅ ፔሩ፣ ማድሬ ዴ ዲዮስ በሚባለው ክልል ነው። ዋና ከተማው ፑዌርቶ ማልዶናዶ ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት አፍ ላይ የተቆረቆረ ሞቃት ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የባዋኻ ሶኔኔ ብሔራዊ ፓርክ፣ በ2000 ደግሞ የታምቦፓታ ብሔራዊ ጥብቅ ሥፍራ ተቋቋሙ። ባዋኻና ሶኔኔ የኤሴ ኤኻ ሕዝብ ለአካባቢው ሁለት ወንዞች የሰጣቸው ስሞች ናቸው፤ መሬቱም የአያቶቻቸው የማደኛና የዓሣ ማጥመጃ ሥፍራ ነበር። መንግሥት ካርታ ላይ መስመር አስምሮ ጥብቅ ሥፍራ ሲል፣ በዚያ መስመር ውስጥና ዳር የሚኖረው ሰው ከዚያ በኋላ በምን ይኖራል የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። የኢኮ ቱሪዝም ቁም ነገር የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከፑዌርቶ ማልዶናዶ ብዙም ሳይርቅ፣ በዚሁ ወንዝ ዳር፣ ኢንፊዬርኖ የሚባል ማኅበረሰብ አለ። የኤሴ ኤኻ ተወላጆች፣ ከጥንት ጀምሮ በወንዝ ዳር የኖሩ ቅይጥ ቤተሰቦችና ከአንዲስ ደጋ ወርደው የሰፈሩ ገበሬዎች በአንድነት የሚኖሩበት ነው። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫቸውን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ይህ ማኅበረሰብ ሬይንፎረስት ኤክስፔዲሽንስ ከተባለ የፔሩ አስጎብኚ ኩባንያ ጋር የ20 ዓመት ውል ተፈራረመ። ማኅበረሰቡ መሬቱን፣ ጉልበቱንና የደኑን እውቀት፣ ኩባንያው ካፒታሉን፣ ገበያውንና የሆቴል አስተዳደር ልምዱን አዋጡ። ከትርፉ 60 በመቶ ለማኅበረሰቡ፣ 40 በመቶ ለኩባንያው እንዲሆን ተስማሙ። ከገንዘቡ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላው አንቀጽ ነው፦ ውሳኔው እኩል በእኩል ነበር። ማኅበረሰቡ የራሱን ኮሚቴ መርጦ ስለ ቅጥር፣ ስለ ግንባታና ስለ ጎብኚ ብዛት ከኩባንያው ጋር ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ ነበር። ውሉ ሲያበቃ ደግሞ ሎጁ የማኅበረሰቡ ንብረት እንዲሆን ተጻፈ።

ፖሳዳ አማዞናስ የተባለው ሎጅ እ.ኤ.አ. በ1998 እንግዳ መቀበል ጀመረ። ክፍሎቹ በደኑ በኩል ግድግዳ የላቸውም። አልጋው ላይ አጎበር ተዘርግቶ ይተኛሉ፤ ሌሊቱን የእንቁራሪቱ፣ የነፍሳቱና የጦጣው ድምፅ እስከ ትራሱ ይመጣል። አስጎብኚዎቹ ውስጥ የመንደሩ ልጆች አሉ። ከመጽሐፍ ያጠና ሰው የዛፉን ሳይንሳዊ ስም ይነግርሃል፤ እዚያ ያደገው ግን ቅርፊቱን ቧጨር አድርጎ ያሸትትሃል፣ እናቱ ለየትኛው ሕመም ትቀቅለው እንደነበረም ያጫውትሃል። ወንዙ አቅጣጫውን ሲቀይር ትቶት የሄደው፣ ጥምዝ ያለው ትሬስ ቺምባዳስ ሐይቅ ላይ ግዙፉን ኦተር ለማየት በታንኳ ይወጣሉ። ይህ በወንዝ ውስጥ የሚኖር ዓሣ አዳኝ እስከ 1.8 ሜትር ይረዝማል፤ በቤተሰብ ሆኖ ያድናል። እያንዳንዱ ጉሮሮው ላይ የራሱ የሆነ ነጭ ምልክት አለውና ሐይቁን ደጋግሞ የሚያይ ሰው አንዱን ኦተር ከሌላው ይለየዋል። ለቆዳው ሲባል በየወንዙ ተጨፍጭፎ ሊጠፋ ደርሶ የነበረ እንስሳ ነው። ሐይቁ ላይ ታንኳዎች ምን ያህል መቅረብ እንደሚችሉ ገደብ ተበጅቷል፤ ግልገል ያላት ቤተሰብ ከተረበሸች ቦታውን ትታ ትሄዳለችና።

አማንዳ ስትሮንዛ የተባለች አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ሎጁ ገና ሲመሠረት ጀምሮ ኢንፊዬርኖ ውስጥ እየተመላለሰች አጥንታለች። ግኝቷ ለቱሪዝም አድናቂዎች የሚጎረብጥ ነው። ገቢ ብቻውን ደን አያድንም፤ ገንዘብ ያገኘ ቤተሰብ በዚያው ገንዘብ ተጨማሪ ጫካ መንጥሮ እርሻውን ሊያሰፋ ይችላል። ልዩነት ያመጣው ሰዎቹ ባለቤትና ወሳኝ መሆናቸው ነው። በስብሰባ ተከራክረው፣ ሒሳብ መርምረው፣ ስለ ደኑ የራሳቸውን ደንብ ማውጣታቸው ከደመወዙ የበለጠ ሠርቷል። እኔም ከዚህ ጉዞ የያዝኩት አቋም ይኸው ነው፦ ነዋሪው አልጋ አንጣፊና ጀልባ ቀዛፊ ብቻ የሆነበት ጉብኝት፣ የፀሐይ ኃይል መብራት ቢኖረውም፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቢከለክልም፣ ኢኮ ቱሪዝም ሊባል አይገባውም።

ደኑ የሚያበላው በቱሪዝም ብቻ አይደለም። ካስታኛ የሚሉት፣ እኛ ጋ የብራዚል ነት ተብሎ በየሱፐርማርኬቱ የሚሸጠው ፍሬ እዚህ ይለቀማል። ዛፉ ከደኑ ጣሪያ በላይ ይወጣል። ፍሬው እንደ ድንጋይ የጠነከረ ክብ ቅርፊት ውስጥ ተደርድሮ ይበስልና በዝናቡ ወራት ከላይ እየተወረወረ ይወድቃል፤ ለቃሚዎች ነፋስ ሲኖር ከዛፉ ሥር አይቆሙም። ቅርፊቱን መፍለጥ የሚችለው አጉቲ የሚባል አይጥ መሳይ እንስሳ ነው። የቻለውን በልቶ የተረፈውን መሬት ውስጥ ይቀብራል፤ ረስቶት የቀረው ይበቅላል። አበባውን የሚያራቡት ደግሞ ደን ውስጥ የሚኖሩ ትልልቅ ንቦች ናቸው። ስለዚህ ካስታኛን በእርሻ መልክ ተክሎ እንደ ደኑ አትረፍርፎ ማምረት አስቸጋሪ ሆኖ ኖሯል። ደኑ ሲቆም ለቃሚው ይበላል፤ ደኑ ሲመነጠር ለብቻው የተረፈው ዛፍ ፍሬው ይመናመናል።

ከዚህ ሁሉ ፊት ለፊት ወርቅ ቆሟል። ወንዞቹ ከአንዲስ ተራሮች ድንጋይ እየፈጩ ለዘመናት ያወረዱት ደቃቅ ወርቅ በማድሬ ዴ ዲዮስ አሸዋና ደለል ውስጥ ተበትኗል። ቆፋሪዎች ዛፉን ቆርጠው አፈሩን በውሃ ግፊት ያፈርሱታል፤ ጭቃውን በሞተር ስበው ያጥባሉ። ከዚያ ባዝቃ ወይም ሜርኩሪ ይጨመርበታል። ሜርኩሪ ወርቁን ሰብስቦ ይይዛል፤ ቅልቅሉ በእሳት ሲጋይ ሜርኩሪው ተኖ ወርቁ ይቀራል። የተነነው ግን የትም አልጠፋም። ወንዝና ኩሬ ውስጥ ገብቶ በባክቴሪያ አማካይነት ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይቀየራል፤ ከትንሽ ዓሣ ወደ ትልቅ ዓሣ እየተከማቸ ወደ ሰው ገበታ ይመጣል፤ የፅንስንና የሕፃንን አንጎል ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የፔሩ መንግሥት በሜርኩሪ ብክለት ምክንያት በማድሬ ዴ ዲዮስ የአስቸኳይ ጊዜ አወጀ።

ላ ፓምፓ የሚባለው የቁፋሮ ሥፍራ የሚገኘው እዚያው ከታምቦፓታ ጥብቅ ሥፍራ ጥግ፣ አህጉር አቋራጩ አውራ ጎዳና ዳር ነው። ከብራዚል እስከ ፓስፊክ የሚዘልቀው ይህ አስፋልት እንደ ታላቅ የልማት ድል ተቆጥሮ ነበር። መንገዱ ሲገባ ቆፋሪው፣ ነዳጅ ሻጩ፣ መጠጥ ቤቱ፣ ታዳጊ ሴቶችን የሚነግደውም ወንጀለኛ አብሮ ገባ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 ፖሊስና ጦር ሠራዊት ኦፐሬሽን ሜርኩሪ በተባለ ዘመቻ ላ ፓምፓን አስለቀቁ። ቁፋሮው እዚያ ቀነሰ፤ ወደ ሌሎች ወንዞች ግን ተዛወረ። የወርቅ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ጥያቄው ይከብዳል፦ በአንድ ቀን ቁፋሮ የወር ደመወዝ ማግኘት የሚችል ወጣት ለምን ካስታኛ ይልቀም? ለምን እንግዳ ያስጎብኝ?

መልሱን ለመፈለግ ወደ ደጋው መውጣት ያስፈልጋል፤ ብዙዎቹ ቆፋሪዎች የመጡት ከኩስኮና ከፑኖ ደጋ ነውና። ከፑዌርቶ ማልዶናዶ ኩስኮ በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ያነሰ በረራ ነው። በመኪና ግን ቀኑን ሙሉ ይወስዳል፤ እኔም የምመክረው መኪናውን ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 200 ሜትር ገደማ ካለው ሙቀት ተነሥቶ፣ ከፔሩ ዝናባማ ሥፍራዎች አንዱ የሆነውን ኪንሴ ሚልን አልፎ፣ የዛፍ ሽበት የተሸከሙ ዛፎች ባሉበት የጉም ደን ውስጥ እየተጠማዘዘ ከ4,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወዳለው ማለፊያ ይወጣል። እዚያ ዛፍ የለም። ሣር፣ አልፓካ፣ ከባድ ንፋስና ከ6,300 ሜትር በላይ የሚረዝመው የአውሳንጋቴ በረዷማ ጫፍ ብቻ ነው ያለው። ከላይ የሚቀልጠው ውሃ ወደ ታች ሲወርድ የትናንቱ ጀልባ የሄደበትን ተፋሰስ ይመግባል።

ኩስኮ 3,400 ሜትር ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ በ1,000 ሜትር ገደማ ትበልጣለች። በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። የኮካ ቅጠል ሻይ ይቀርባል፣ ራስ ያማል፣ እንቅልፍ ይቆራረጣል። ደጋ ለደጋ ሰው ምንም አይደለም የሚል ሀበሻ ካለ አንድ ነገር ልጨምርለት። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትመዋል። የአንዲስ ደገኛ ደሙ ውስጥ ሄሞግሎቢን አብዝቶ ነው ከፍታውን የሚቋቋመው፤ የሰሜኖቹ ግን ሄሞግሎቢናቸውም የደማቸው ኦክስጅንም በቆላ ካለ ሰው ብዙ ሳይለይ ተገኘ። ሁለት የደጋ ሕዝቦች ለአንድ ችግር የተለያየ መፍትሔ አግኝተዋል። አዲስ አበቤው ግን እንደማንኛውም መንገደኛ ቀስ ብሎ መውጣት አለበት።

ማቹ ፒቹን በአጭሩ ልለፈው፤ ስለ እርሱ ያልተጻፈ የለም። የሚመለከተን አንድ ነገር አለ። ወደዚያ በሚወስደው የኢንካዎቹ የእግር መንገድ ላይ በቀን ከ500 ሰው በላይ አይገባም፤ ከእነዚህ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጡት ድንኳንና ስንቅ የሚሸከሙ ኬችዋ ተናጋሪ የደጋ ገበሬዎች ናቸው። ለብዙ ዓመታት ከአቅማቸው በላይ እየተሸከሙ፣ ሜዳ ላይ እያደሩ ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ሕግ የአንድ ተሸካሚ ሸክም ከ20 ኪሎ እንዳያልፍ ደነገገ። ሚዛኑ መንገዱ መግቢያ ላይ ቆሟል።

ከዚያ ይልቅ ቺንቼሮ በሚባለው የደጋ መንደር ዐረፍ እንበል። አንዲት ሸማኔ እንዝርቷን አስቀምጣ ከቁልቋል ቅጠል ላይ ነጭ ዱቄት የለበሰች ትንሽ ነፍሳት ለቀመች። መዳፏ ላይ በጥፍሯ ስትጨፈልቃት ደማቅ ቀይ ፈሰሰ። ሎሚ ጠብ ስታደርግበት ወደ ብርቱካንማ አደላ፤ አመድ ስትጨምርበት ወደ ወይን ጠጅ ዞረ። ኮቺኒል የምትባለው ይህች ነፍሳት ናት። ኒልዳ ካያኛውፓ የተባሉ የቺንቼሮ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1996 ኩስኮ ውስጥ የባህላዊ ሽመና ማዕከል መሥርተው፣ ሊጠፋ የነበረውን የተፈጥሮ ማቅለሚያና የሽመና ጥበብ በየመንደሩ ማኅበራት አስነሥተዋል። እዚህ ቁልቋል በነፍሳቷ አይጠፋም፤ የሚለቅማት እጅና የሚበሏት ጠላቶች አሏት።

እኛ ይህችን ነፍሳት እናውቃታለን። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለማቅለሚያ ታስባ ትግራይ ገባች። የተፈጥሮ ጠላቶቿን ትታ ነበርና ከቁጥጥር ወጥታ የብዙ ሺህ ቤተሰብ ምግብና የከብት መኖ የሆነውን በለስ በብዙ ሥፍራ አጠፋች። ነፍሳቷ ተሻግራለች፤ እርሷን ልክ ውስጥ የሚያኖረው ሥርዓት ግን አልተሻገረም።

ድንቹም የዚህ ደጋ ልጅ ነው። እኛ ዘንድ ያስገባው ቪልሄልም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1858 እንደሆነ ይነገራል። ፒሳክ በምትባለው ከተማ አጠገብ ያሉ የኬችዋ ማኅበረሰቦች የድንች ፓርክ ብለው በሰየሙት የጋራ መሬት ላይ ከ1,000 በላይ ዓይነት ድንች ያበቅላሉ፤ ጥቁር፣ ሐምራዊ፣ ጠማማ፣ ጉብታ የበዛበት። ቀዝቃዛው ሌሊት ያቀዘቀዘውን ድንች በእግራቸው ረግጠው ውሃውን ያወጡና በፀሐይ አድርቀው ለዓመታት የሚቆይ ቹኞ ያደርጉታል። አሁን ግን ሙቀቱ እየጨመረ፣ ድንቹን ወደ ላይ፣ ወደ ላይ እየገፉ መትከል ግድ ሆኖባቸዋል። የፔሩ የበረዶ ግግር ባለፉት ስድስት አሥርት ዓመታት ከግማሽ በላይ ስፋቱን አጥቷል። ውሃው ሲያንስ፣ ግጦሹ ሲደርቅ ወጣቱ ምን ያደርጋል? አውቶቡስ ይሳፈራል፤ ወደ ወርቁ ይወርዳል።

አብራ ማላጋ ከሚባለው፣ 4,300 ሜትር ላይ ካለው ማለፊያ አጠገብ ያየሁት ለዚህ መልስ ለመስጠት የሚደረግ ጥረት ነው። እዚያ ከቋጥኝ ሥር ቅርፊቱ እንደ ብራና ስስ ሆኖ የሚላጥ፣ ቀይ ግንድ ያለው ጠማማ ዛፍ ይበቅላል፤ ኬውኛ ይሉታል። በዓለም ላይ ከፍ ብለው ከሚበቅሉ ዛፎች አንዱ ነው። ከጉሙ ውሃ ይይዛል፣ ሥሩ ሥር ያለው ሙጃና አፈር ውሃውን አቆይቶ ለምንጭ ያደርሳል። ለማገዶና ለግጦሽ ሲባል አብዛኛው አልቋል፤ በየሸንተረሩ የተተካው ባሕር ዛፍ ነው፣ ለኢትዮጵያ ደጋ ሰው እንግዳ ያልሆነው ያው የአውስትራሊያ ዛፍ። ኮንስታንቲኖ አውካ የተባሉ የኩስኮ ባዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ2000 ኤኮአን የተባለውን ድርጅት መሥርተው ከማኅበረሰቦቹ ጋር ኬውኛ መትከል ጀመሩ። በተከላው ቀን ሕፃን ሽማግሌው ችግኝ በጀርባው አዝሎ፣ ከበሮና ዋሽንት ይዞ ገደሉን ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራው አክሲዮን አንዲና በሚል ስም ወደ ሌሎች የአንዲስ አገሮች ተስፋፋ፤ በ2022 አውካ ከተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ሽልማት ተቀበሉ። በዚህ ደን ብቻ የሚገኙ ብርቅ ወፎችን ለማየት የሚመጣ ጎብኚ ለማኅበረሰቡ መግቢያ ይከፍላል። ክፍያው ትንሽ ነው፤ መሬቱ ግን የእነርሱ ነው፣ ቁልፉም በእነርሱ እጅ ነው።

በኢትዮጵያም መንገዱ አልጠፋም። በላሊበላ ዙሪያ ገበሬዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው «ተስፋ» የተባሉ ማረፊያዎች ከተሠሩ ቆይተዋል፤ ወንጪ ላይም ፈረስና አስጎብኚ በማኅበር ተደራጅቶ ሠርቷል። አዳዲስ ሎጆች ሲገነቡ መነሣት ያለበት ጥያቄ፣ ባለቤቱና ወሳኙ ማን ነው የሚለው፣ ኢንፊዬርኖ ላይ ከተነሣው አይለይም።

ወደ ፔሩ የምትሄድ አንባቢ ከሆንክ፣ ደረቁ ወቅት ከግንቦት እስከ መስከረም ነው። የቢጫ ወባ ክትባትህን ቀደም ብለህ ውሰድ። ከቻልክ ከቆላው ጀምረህ ወደ ደጋው ውጣ፤ ካልቻልክ ከኩስኮ ዝቅ የሚለው የኢንካዎች ሸለቆ ውስጥ ጥቂት ሌሊት እደር። አስጎብኚ ድርጅት ስትመርጥ፣ ታምቦፓታም ይሁን ባሌ፣ ገንዘብህን ከመክፈልህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ፦ መሬቱ የማን ነው? ከትርፉ ለነዋሪው ስንት በመቶ ይደርሳል? የእንግዳውን ቁጥር የሚወስነው ማን ነው? በቁጥርና በስም የማይመልስልህን ትተህ ወደሚመልስልህ ሂድ።